ጎንደር፣ 1932፦ በዛር ቤቱ ውስጥ ታዛቢው ማን ነበር?

መጋረጃ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነገሩ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

በ1932 እ.ኤ.አ. ክረምት ሚሼል ሌሪስ የሚባል የሠላሳ አንድ ዓመት ፈረንሳዊ ባለቅኔ ጎንደር ገባ። የመጣው በማርሴል ግሪዮል ከሚመራውና ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን በማቋረጥ እስከ ጅቡቲ ከዘለቀው የጥናት ቡድን ጋር ነው፤ የቡድኑ ጸሐፊና መዝገብ ያዥ ነበር። ጎንደር ላይ መልካም አያሁ ከሚባሉ በዕድሜ የገፉ የዛር ቤት አለቃ ጋር ተዋወቀ። ከዚያ ወዲያ ሌላው ሥራ ሁሉ ጠፋው። አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እያስተረጎሙለት፣ ከበሮው ሲመታ፣ ጭብጨባው ሲደምቅ፣ ዛሩ አንዷን አስነሥቶ ሲያስጓራት እያየ ይጽፋል። ቆይቶም ከቡድኑ ማረፊያ ወጥቶ እዚያው ዛር ቤት ሰነበተ። ለጭዳ የሚታረደውን በገንዘቡ ገዛ፤ የታረደለትንም ደም ቀመሰ። በማስታወሻው ላይ ደግሞ በዛር የተያዙትን ከማጥናት ራሱ ቢያዝ እንደሚመርጥ ጻፈ።

ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1958፣ ስለ ጎንደር ዛርና ከቴአትር ጋር ስላለው ዝምድና የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። እዚያ ላይ ሁለት ዓይነት ቴአትር አለ ይላል። አንዱ ተዋናዩ ሌላ ሰው መሆኑን እያወቀ የሚጫወተው ነው፤ ሌላው ሰው ከነሥጋው ከነነፍሱ ገብቶ የሚኖረው። በዛር የተያዘችው ሴት በሁለተኛው ውስጥ ናት። ለአንዲት ሴት ብዙ ዛሮች ይኖሯታል፤ አንዱ ጦረኛ ነው፣ ይፎክራል፤ ሌላዋ እመቤት ናት፣ ሽቶና ሐር ትጠይቃለች፤ ሌላዋ ገረድ ናት፣ ታጎነብሳለች። ሌሪስ እነዚህን በልብስ መስቀያ ላይ ተሰቅለው እንደሚጠብቁ ጠባዮች ያያቸዋል፤ ሴትዮዋ እንደ ጉዳይዋ አንዱን አውርዳ ትለብሳለች።

እኔ የመጀመሪያ ዲግሪዬን በቴአትር ጥበባት ሠርቼ አሁን አንትሮፖሎጂ፣ ማለትም የሰውን ማኅበረሰብና ባህል ጥናት፣ እማራለሁ። የቀድሞ መምህሬ «ገጸ ባሕርዩን ከውስጥ ፈልገህ አግኘው» ይሉኝ ነበር። የአሁኖቹ «ቅረብ፣ አብረህ ብላ፣ አብረህ አልቅስ፤ ማታ ግን ለብቻህ ተቀምጠህ ጻፍ» ይሉኛል። ብዙ ሰው የሁለቱን ልዩነት እውነትና ፈጠራ አድርጎ ያየዋል። ይህ አይዋጥልኝም። እኔ ልዩነቱን የማየው የተጠናው ሰው የት ተቀምጧል በሚለው ላይ ነው። ቴአትር ሲሆን የተሣለው ሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ሊያይ ይችላል፤ ካልጣመው ያጉረመርማል፣ ተነሥቶ ይወጣል። መልካም አያሁ ግን የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ገልጠው የሚያነቡ ሴት አልነበሩም።

ምን ትላላችሁ?

ነገረኛው

ምን እላለሁ? ሁለቱም ከሰው ጓዳ ገብተው ይዘው የሚወጡ ናቸው። አንዱ የፈቃድ ቅጽ አስፈርሞ ይወስዳል፤ ሌላው ሳያስፈርም ወስዶ ሲያበቃ ይጨበጨብለታል።

ያ የምታወራለት ቡድን ደግሞ ከጎንደር የወሰደው ወሬ ብቻ አልነበረም። የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎች አውርዶ፣ በምትካቸው አብሮት የመጣው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸውን ቅጂዎች ለጥፎ ነው የሄደው። ዋናዎቹ ዛሬም ፓሪስ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ታዛቢነት በለው እንግዲህ።

የቀበና ልጅ

ነገረኛው፣ ስለ ሥዕሎቹ ልክ ነህ፤ ስለ ተዋናዮች ግን አልለቅህም።

ባለፈው ዓመት የጉልት ነጋዴ ሆኜ የምጫወትበት ሥራ ደረሰኝ። ሰፈሬ ጥግ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ የሚሸጡ እናት አሉ። ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው፤ ሳቁና «እንግዲያው ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ ቃሪያውን ደርድሪ» አሉኝ። አጠገባቸው በርጩማ ስቤ ስደረድር ሰነበትኩ።

ምን አየሁ መሰላችሁ? እጃቸው ሥራ ሲፈታ መደቡን ያፈርሱና እንደ አዲስ ይደረድሩታል። ሲደረድሩ የተመታው ቲማቲም ፊቱ ወደ ታች ይዞራል። ደንበኛቸው ሲመጣ ግን ያንኑ የተመታውን ለቅመው አውጥተው ወደ ራሳቸው ዘንቢል ይጥሉታል። ሳንቲም ሲቆጥሩ ሳንቲሙን አያዩትም። የሚቆጥረው ጣታቸው ነው፤ ዓይናቸው የሚመጣው ሰው እግር ላይ ነው። ፊቱን አያዩም። የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚዘገየው እግሩ ነው፤ ይህን እኔ ቲማቲም ስገዛ ኖሬ አላውቀውም ነበር።

ልምምድ ላይ ይህንኑ አደረግሁ። አዘጋጁ «ምን እየሠራሽ ነው? ከኋላ ለተቀመጠው ሰው ዝም ብለሽ አቀርቅረሻል» አለኝ። እውነቱን ነው። ስንሞካክር ከርመን ቲማቲሙን ከፍ ባለ ሣጥን ላይ አደረግነው፤ ለቆጠራውም ድምፅ አወጣሁለት። የጉልቷ እናት ሲቆጥሩ ትንፍሽ አይሉም። ዋሸሁ? ያየሁት ነገር ከኋላ ላለው ሰው እንዲደርስ ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። የአንትሮፖሎጂ ሰው ይህ ጣጣ የለበትም፤ «ጣታቸው ይቆጥራል» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ሁሉ አንደኛው ረድፍ ላይ ነው።

ከዚያ እናትን ጋበዝኳቸውና ነጠላቸውን ለብሰው መጡ። ሲያበቃ «ጥሩ ነው፤ ግን እኔ ደንበኛ ፊት አላለቅስም» አሉኝ። ደራሲው ገበያ መካከል ተንሰቅስቄ የማለቅስበት ትዕይንት ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ያንን ትዕይንት ጀርባዬን ለተመልካች ሰጥቼ፣ ቲማቲም እየደረደርኩ ተጫወትኩት። አዘጋጁ አየኝና ዝም አለ።

መጋረጃ ስለ ሦስተኛው ረድፍ ያለው በእኔ ደርሷል ለማለት ነው።

ደብተራው

ልጆች፣ ጎንደር ተወልጄ ስላደግሁ ዛር ቤት ምን እንደሚመስል በልጅነቴ አይቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ታወግዘዋለች፤ እኔም አወግዘዋለሁ። ይህ በቅድሚያ ይታወቅልኝ።

ቢሆንም ቴአትር ነው ሲባል ዝም ማለት አልቻልኩም። እስቲ ቤቱን ልንገራችሁ። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ አለቃዋ መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። የታመመችው ትቀርባለች። ከበሮና ጭብጨባ ይጀመራል፤ ሰውነቷ ከአንገቷ ጀምሮ መወዝወዝ ሲይዝ አለቃዋ ይጠይቃሉ፦ ማነህ? ከየት መጣህ? ስምህን ተናገር! እምቢ ካለ ይለመናል፣ ይሸነገላል፣ ይገሠጻል። ስሙን የተናገረ ዕለት ድርድር ይከፈታል። ምን ትፈልጋለህ? የዚህ ቀለም ዶሮ፣ የዚህ ዓይነት ልብስ፣ ይህን የመሰለ ቀለበት እያለ ይዘረዝራል። «እንሰጥሃለን፣ ፈረስህን ግን አትጉዳ» ይሉታል። ፈረስ የሚሏት ሴትዮዋን ነው። ፈረስ ደግሞ አይተውንም፤ ፈረስ ይጋለባል።

ዛር አይወጣም፤ ይለመዳል እንጂ። ተዋናይ መጋረጃው ሲዘጋ ቀለሙን ከፊቱ ታጥቦ ቤቱ ይገባል። ያቺ ሴት ግን ነገ ጠዋት ቤቷ ስትመለስ ዛሩም አብሯት ይመለሳል፤ የከርሞ ግብሩም ይጠብቃታል። ይህን ከልብስ መስቀያ ጋር ያመሳሰለ ሰው ብዙ አይቷል፣ የሴትዮዋን የወገብ ሕመም ግን አላየም።

ሌላው። ፈረንጁ የሚታረደውን የገዛ ዕለት ታዛቢነቱ አብቅቷል። በዛር ቤት ደም የገዛ ሰው ደጋሽ ነው። ከዚያ በኋላ ያየው ሁሉ ለእርሱ ተብሎ የተደገሰ ነው።

መጋረጃ

አባቴ ደብተራው፣ ይህን መቼም ከመምህሮቼ አልሰማውም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻዋን ነጥብ ሌሪስ ራሱም ሳይጠረጥራት አልቀረም። እማዋይሽ፣ የመልካም አያሁ ልጅ፣ ስጦታ ስትጠይቀውና በዋጋ ስትከራከረው ልቡ እንደተሰበረ ጽፏል። ወንድምነት ፍለጋ የገባበት ቤት ገበያ ሆኖበት ነው።

ግን አንድ ነገር ይታይለት። ያንን ቅሬታ፣ ምኞቱን፣ መሰልቸቱን ሁሉ ከማስታወሻው ሳያወጣ በ1934 አሳተመው። አለቃው ግሪዮል በዚህ ተቆጣ፤ ስለ ሕዝቡ እንዲጽፍ የተቀጠረ ሰው ስለ ራሱና ቡድኑ ስለሚሠራው ሥራ ዘረገፈዋ! በእኔ ዓይን ከቡድኑ ሁሉ ራሱንም መድረክ ላይ ያወጣ እርሱ ብቻ ነው።

ሌላም ልጨምር። የሌሪስ መጽሐፍ በወጣበት በዚያው በ1958 ሲሞን ሜሲንግ የተባለ የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ያንኑ የጎንደርን ዛር ይዞ አንድ ጥናት አሳተመ። እርሱ ያየው የቡድን ሕክምናን ነው፤ ጓደኛና ዘመድ የራቃት ሴት በዛር ቤት ማኅበር ስታገኝ፣ ክብሯ ከፍ ሲል አየ። ሌላው የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ዮአን ሉዊስ ደግሞ ሶማሌዎች «ሳር» ከሚሉት፣ ከዛር ጋር ከሚመሳሰለው መንፈስ ተነሥቶ፣ በራሷ አፍ ባሏን ልብስ ግዛልኝ ማለት የማይሆንላት ሴት በመንፈሱ አፍ ትጠይቃለች አለ። ባለቅኔው ቴአትር አየ፣ አንዱ ሕክምና፣ ሌላው የሴቶች አቤቱታ። ደብተራው ደግሞ የወገብ ሕመም። ሴትዮዋ ያቺው ናት።

ቴአትር ቤት ቢያንስ በር ላይ «ደራሲ እገሌ፣ አዘጋጅ እገሌ» ተብሎ ይለጠፋል። ተመልካቹ የማንን ዓይን ተውሶ እንደሚያይ ያውቃል።

ሰናይት ከሜሪላንድ

መጋረጃ፣ እኔ እዚህ ኮሌጅ ውስጥ አንትሮፖሎጂ አስተምራለሁ። ቴአትርን ስታሞግስ በጣም አቅልለኸዋል። የኢኮችን ነገር ላንሣልህ።

ኢኮች በሰሜን ምሥራቅ ኡጋንዳ ከኬንያ ድንበር አጠገብ ተራራ ላይ የሚኖሩ ቁጥራቸው አነስተኛ ሕዝብ ናቸው። ኮሊን ተርንቡል በ1960ዎቹ አጋማሽ ሄዶ አብሯቸው ተቀመጠ፤ የገባው በረሃብ ዘመን ነበር። በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ፍቅር የሚባል ነገር የጠፋባቸው፣ ከሽማግሌ አፍ እህል የሚነጥቁ፣ በወደቀ ሰው የሚስቁ አድርጎ ሣላቸው። ይባስ ብሎ በትንንሽ ቡድን ተበታትነው በሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ለመንግሥት ሐሳብ አቀረበ። ፍሬድሪክ ባርት የሚባለው ኖርዌያዊ የሙያ ባልደረባው በ1974 በጽሑፍ ሞገተው፤ ሙያችንን አሰደብከው እስከማለት የሚደርስ ሙግት ነበር።

ቴአትርስ ምን አደረገ? ታዋቂው አዘጋጅ ፒተር ብሩክ በ1975 መጽሐፉን ፓሪስ ላይ ወደ መድረክ አወጣው። ተዋናዮቹ የኢኮችን አቋቋምና አቀማመጥ ከፎቶግራፍ እያዩ አጠኑ፤ በብዙዎች ዘንድ ተደነቁ። ሥራው ወደ ለንደንና ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ተርንቡል ራሱም አይቶ ተነካ። አየህ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠው አጥኚው ነበር! አንድም ኢክ አልነበረም።

ከዚያ በ1983 በርንድ ሃይነ የሚባል ጀርመናዊ የቋንቋ ሊቅ እዚያው ተራራ ሄደ። ቋንቋቸውን ያውቃል። ያገኛቸው ሰዎች በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ጋር አልገጠሙለትም። ተርንቡል መረጃ ከሰጡት ሰዎች መካከል ኢክ ያልሆኑ እንደነበሩበት፣ አዳኝ ያላቸውም ሰዎች ገበሬዎች መሆናቸውን ጻፈ። ኢኮቹ ስለተጻፈባቸው ነገር ሰምተው እጅግ ተቆጥተው ነበር። የሰው ልጅ ክፉ ቀን ሲመጣ እንዲህ ይሆናል ተብሎ በሦስት አገር የተለቀሰው በተሳሳተ ምስል ላይ ነው። መጽሐፍ ቢሆን ሌላ መጽሐፍ ያርመዋል፤ ሃይነ አርሞታል። የዚያን ምሽት ለቅሶ ማን ያርመዋል?

የቀበና ልጅ

እትዬ ሰናይት፣ ስለ ፎቶግራፉ አንድ የሙያ ነገር ልበል። ፎቶግራፍ የሚሰጥሽ አንድ ቅጽበት ነው። የተራበ ሰው ተቀምጦ ታያለሽ፤ እንዴት እንደተቀመጠ ግን አታይም። መጀመሪያ እጁን መሬት ላይ ያሳርፋል? ወይስ ግድግዳ ተደግፎ እየተንሸራተተ ይወርዳል? ከተቀመጠ በኋላ የሚነሣበትን ኃይል አስቦ ነው የሚቀመጠው? የሰው ጠባይ ያለው እዚያ መሸጋገሪያው ላይ ነው። ከፎቶግራፍ የሠራ ተዋናይ የመጨረሻውን ቅርጽ ያገኝና መሸጋገሪያውን ከራሱ ይሞላዋል። የፓሪስ ሰው ደግሞ ከራሱ ምን ይሞላል? የፓሪስን ረሃብ እንጂ።

ሰናይት ከሜሪላንድ

ይህን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፤ አመሰግናለሁ።

ለሚዛኑ ግን፣ በደንብ የሠራችም አለች። አና ዴቪር ስሚዝ የምትባል አሜሪካዊት ተዋናይ፣ በ1991 ብሩክሊን ክራውን ሃይትስ ውስጥ በጥቁሮችና ሐሲዲም በሚባሉ ሃይማኖት አጥባቂ አይሁድ ጎረቤታሞች መካከል ብጥብጥ ተነሥቶ ሰው ከሞተ በኋላ፣ በመቅረጫ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው አነጋገረች። በሚቀጥለው ዓመት ከሃያ በላይ ሰዎችን ብቻዋን ሆና ተጫወተቻቸው። ቃላቸውን አላሳመረችም፤ መንተባተባቸውን፣ ሳላቸውን፣ ሳይጨርሱ የተዉትን ዐረፍተ ነገር ሁሉ እንዳለ ነው ያቀረበችው። ማንም ትክክል ነው፣ ማንም ስህተተኛ ነው አላለችም። ሥራው እዚያው ኒውዮርክ ስለታየ ጎረቤቶቹ በባቡር መጥተው ራሳቸውንም ጠላታቸውንም በአንዲት ሴት ሰውነት ላይ ማየት ይችሉ ነበር። የአንትሮፖሎጂ መምህር ሆኜ ስናገር፣ ብዙዎቻችን ከዚያ ያነሰ ሥራ ሠርተን ነው ዶክተር የተባልነው።

የላስታ ሰው

ፓሪስና ኒውዮርክ ስትሉ ደጃችሁን ረሳችሁ። የአንትሮፖሎጂ ባለሙያም፣ ተዋናይም፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን ስትሆን ያየኋት አልቃሽ ናት።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ሙሾ አውራጇ ትጠራለች። ሟቹን ላታውቀው ትችላለች። ስትመጣ ቀጥታ ወደ ለቅሶው መካከል አትገባም። መጀመሪያ ጓዳ ገብታ ከሴቶቹ ጋር ትቀመጣለች። ስንት ጥማድ ነበረው? እንግዳ ይወድ ነበር? ከወንድሙ ጋር የተጣላበት መሬት ምን ደረሰ? ያቺ ዐረብ አገር ያለችው ልጁ ሰምታለች? ውኃ እየጠጣች፣ እንደ ዋዛ አድርጋ ትጠይቃለች። ማስታወሻ ደብተር የላትም። ጓዳ ያሉት ሴቶች ምን ለምን እንደምትጠይቅ አሳምረው ያውቃሉ፤ እንዲገጠምላቸው የሚፈልጉትን ይነግሯታል፣ የማይፈልጉትን ይውጣሉ።

ከዚያ ትወጣለች። የሟቹ ጋቢና ጠመንጃ ተይዞ ይዞራል፤ እርሷ ደግሞ ዱላውን ተቀብላ እንደ እርሱ ትራመዳለች። አንድ ጊዜ ግራ እግሩን ይስብ የነበረ ሰው ሲለቀስለት እግሯን ስትስብ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ወንዶቹ ሁሉ አለቀሱ፤ እስከዚያ ድረስ ግጥሙን ብቻ እየሰሙ ነበር። የወንድማማቾቹን የመሬት ጠብም አነሣችው፤ ግን በሰምና ወርቅ። ወንድሙ አንገቱን ደፋ፣ ሌላው እንግዳ አልገባውም።

ስትሳሳት ደግሞ ወዲያው ይታወቃል። ያልነበረውን ደግነት ከደረደረችለት ሰው ማጉረምረምም አያስፈልገው፤ ለቅሶው ይቀዘቅዛል። እርሷም ሰምታ ግጥሙን ትቀይራለች። እንግዲህ መጋረጃ የምትለው ሦስተኛ ረድፍ ይህ ነው፤ እኛ ዘንድ ሁሉም ሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው፣ ከሟቹ በስተቀር።

ነገረኛው

የላስታው ሰው፣ አልቃሿም ትከፈላለች። የከፈለ ዘመድ ያለው የበለጠ ደግ ሆኖ ይቀበራል።

መጋረጃ ደግሞ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጠው ሁልጊዜ የጉልት እናት እየመሰለው ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ሲጽፉ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ጠባይ በአውሬዎች ተረት አድርገው አሳዩ። የተሣሉት ሰዎች ተመልካች ሆነው ተቀምጠው ነበር፤ ተረቱም ገባቸው። ከዚያ በኋላ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ታገደ። ድሃ ራሱን ሲያይ «እኔ እንዲህ አላለቅስም» ይላል፤ ባለሥልጣን ራሱን ሲያይ ይዘጋዋል። ስለዚህ የተጠናው ሰው መልስ መስጠቱን ብቻ አትቁጠር፤ በምን እንደሚመልስ እይ። መልካም አያሁ መጽሐፉን ቢያነቡ ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር? ምንም። ግሪዮል ግን ሲያነብ ምን እንዳደረገ አንተው ራስህ ጽፈሃል።

መጋረጃ

ነገረኛው፣ ስምህ አያምርም እንጂ ነገርህ ያምራል። ይህችን ወስጃለሁ። ረድፉን ብቻ ሳይሆን ረድፉ ላይ የተቀመጠውን ሰው አቅምም መቁጠር አለብኝ። ሰናይት ያነሣችው የኢኮች ነገርም ከዚሁ ይገባል፤ መቆጣታቸውን ሰው የሰማው ቋንቋቸውን የሚችል ሌላ አጥኚ ሲመጣ ነው።

አሁን የሆዴን ልናገር። ይህን ሁሉ የጠየቅሁት ተውኔት እየጻፍኩ ስለሆነ ነው። ሌሪስ፣ መልካም አያሁ፣ እማዋይሽና አባ ጀሮም፤ አንድ የጎንደር ቤት፣ አንድ ሌሊት። የተጣበቅሁት ዛሩ የሚመጣበት ቦታ ላይ ነው። ቪክተር ተርነር በዛምቢያ ንደምቡዎች ዘንድ ያጠናውን ሥርዓት፣ ከአዘጋጁ ከሪቻርድ ሼክነር ጋር ሆኖ ኒውዮርክ ውስጥ ተማሪዎች በአካል እንዲሠሩት አድርጎ ነበር። በንባብ ያልገባቸው በአካል ይገባቸዋል ብሎ ነው። እናቱ ተዋናይ ስለነበረች ይመስለኛል የደፈረው። እኔም ተዋናዮቼን ከበሮ አስመትቼ፣ ጉሪውን፣ ዛር ሲመጣ የሚደረገውን የአንገትና የሰውነት መወዝወዝ፣ በእውን አስለምጄ ልሞክረው?

ደብተራው

ልጄ፣ አታድርገው።

ይህን የምልህ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ሃይማኖቴ ነው፣ እርሱን ተወው። ሁለተኛው፣ ያንተ ተዋናይት አንገቷን ስታሽከረክር ተመልካቹ የሚያየው የአንገቷን ጥንካሬ ነው። «እንዴት ቻለችው?» ይላል። ዛር ቤት ውስጥ ማንም እንዲህ አይልም። እዚያ ያለው ሰው የሚጠብቀው ስሙን ነው፤ የትኛው መጣ? ጦረኛው ከሆነ ምን ሊለን ነው? ጌትዮው ከሆነ ከየት እናመጣለን? ቤቱ ሁሉ በጭንቀት ነው የሚያጨበጭበው። ያንን ጭንቀት ካላመጣህ ከበሮውን ብትሰብረው ቴአትር እንጂ ዛር አይሆንልህም። ካመጣኸው ደግሞ፣ እግዜር ያውቃል፣ ከተመልካቹ መካከል የምትወድቅብህ አትጠፋም። ያን ጊዜ የቲኬት ቤቱ ሰው ስሙን ይጠይቅልሃል?

ሰናይት ከሜሪላንድ

ከጋሼ ደብተራው ጋር እስማማለሁ። የተርነር ተማሪዎች ሥርዓቱን ሠርተው ማታ ቤታቸው ገብተዋል፤ የንደምቡ ሰው ግን የሚሠራው ታሞ ወይም ተጣልቶ ነው። አካል ያስተምራል፣ ግን ሁሉን አያስተምርም።

መጋረጃ፣ እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። እማዋይሽን ሌሪስ እንዳያት ልታደርጋት ነው? የእርሱ ማስታወሻ ውስጥ ያለችው ሴት እርሱ የተመኛት ሴት ናት። ሌላ ምንጭ ከሌለህ ያንኑ ምኞት በአማርኛ ደግመህ ልትለብሳት ነው።

የቀበና ልጅ

እኔ እንደ ተዋናይ አንድ መፍትሔ ይታየኛል። ዛሩን አታሳየን፤ የሚጽፈውን ሰው አሳየን።

መድረኩ ላይ ሌሪስ ጥግ ተቀምጦ ይጽፋል። ከበሮው ከውጭ ይሰማል። ሴቶቹ ወደ ጓዳ ሲገቡ የምናየው እነርሱን ነው፤ ቡና እየወቀጡ ስለ ፈረንጁ ያወራሉ። ለምን ሁሉን ይጽፋል? ዶሮዋ ስትታረድ ለምን መጀመሪያ ደብተሩን አየ? አንዷ ተነሥታ ታስመስለዋለች፤ ጉልበቱን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ እርሳሱን በምላሱ ሲነካ፣ ያልገባው ነገር ሲኖር ወደ አስተርጓሚው አንገቱን ሲያሰግግ። ሌሎቹ ይስቃሉ። አሮጊቷ ግን አይስቁም፤ «አንገቱን እንዲህ ሳይሆን እንዲህ ነው የሚያደርገው» ብለው ያርሟታል። ከሁሉ የበለጠ ያጠኑት እርሳቸው ናቸዋ! የዛር ቤት አለቃ ሰው ሳታጠና አንድ ቀን አታድርም፤ ማን ምን እንደሚፈልግ፣ ማን ምን እንደሚከፍል ካላወቀች ቤቱ ይዘጋል።

ይህ በማንም ማስታወሻ ውስጥ የለም፤ ፈጠራ ነው። ግን እርሱ ሲጽፍ እነርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው አልነበረም።

ነገረኛው

ይህን አያለሁ። ከፍዬ።

መጋረጃ

የቀበና ልጅ፣ ሁለተኛውን ትዕይንት ቀድጄዋለሁ፤ ዛሬ ማታ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። ሰናይት፣ እማዋይሽ መድረክ ላይ ሆና ሌሪስን የምታናግረው ስለ ዋጋ ሲሆን ብቻ ይሁን እያልኩ ነው፤ ስለ ሌላው ሁሉ ከእናቷ ጋር ታወራለች። እርሱ የሚሰማው ግማሹን ነው፤ የተቀረው የተመልካቹ ነው። አባ ጀሮምን ግን ገና አልያዝኳቸውም። በሁለቱ መካከል ሆነው ሁሉንም የሰሙ እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ የትኛውን እንደተረጎሙ፣ የትኛውን እንደዋጡ ሳስብ ሌላ ተውኔት ይታየኛል።

ለመጀመሪያው ንባብ ለመልካም አያሁ የምትሆን ተዋናይ እፈልጋለሁ። ዕድሜዋ ከሃምሳ ያላነሰ፣ ስትፎክር የምታስደነግጥ።

የቀበና ልጅ

ሃምሳ አልሞላኝም፤ ፉከራውን ግን አባቴ አስተምረውኛል። ጽሑፉን ላክልኝ።

ደብተራው

ስትፎክሪ እጅሽን ወገብሽ ላይ አታድርጊ፣ ልጄ። ጦረኛው ዛር ሁለት እጁም ሥራ ላይ ነው፤ አንዱ ጋሻ ይዟል፣ አንዱ ጦር። ባዶ እጅሽን ቢሆንም የጋሻው ክብደት ትከሻሽ ላይ ይታይ።